የቻርጀር አንገት ስንቆርጥ

ጥርሱ የወደቀው እኔ እግር ሥር ነው። ሥሩ ላይ ደም የያዘ፣ አፍ ውስጥ ሳለ ከሚመስለው በላይ ረዘም ያለ የፊት ጥርስ። የባሌ አንደኛ ሚዜ ጥርስ ነው። ሠርጋችን ላይ ያንኑ ጥርስ እያሳየ የሳቀበት ፎቶ እስከ ዛሬ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አለ። ያወለቀው ደግሞ ባሌ ነው። ጠቡ በሴት ወይም በርስት ቢሆን ኖሮ ለሰው መንገሩ አይከብደኝም ነበር። የተጣሉት በላፕቶፕ የቻርጀር ቀዳዳ ነው።

የምንሠራው እዚህ ቴክሳስ፣ ከዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ትንሽ ወረድ ብሎ ካሉት መስኮት አልባ ዌርሃውሶች በአንዱ ነበር። ለአንድ ትልቅ ላፕቶፕ አምራች በኮንትራት የሚጠግን ድርጅት ነው። ሰው የሰበረው፣ ለስላሳ የደፋበት፣ ውሻ ያኘከው ላፕቶፕ በካርቶን ታሽጎ ይመጣል፤ ተጠግኖ ይመለሳል። ባሌና ሚዜው አዲስ አበባ ሳሉም ጎን ለጎን ተቀምጠው ሞባይል ይጠግኑ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ እዚህም ጠረጴዛቸው ጎን ለጎን ነበር። ሥራቸው ቻርጀሩ የሚሰካበት ቀዳዳ ነው። የዚያ አምራች ቀዳዳ ክብ ነበር፤ ሰው ገመዱ ጠልፎት ሲወድቅ አብሮ ይሰበራል። ግን ከማዘርቦርዱ የተለየ፣ በአጭር ሽቦ የሚያያዝ ዕቃ ስለሆነ፣ ካቻቪቴ የያዘ ሰው ፈቶ አውጥቶ ሌላ ይተካበታል። ባሌ ከሰው ጋር እያወራ፣ እጁን እንኳ ሳያይ ይሠራው ነበር።

እኔ ከእነሱ ትይዩ ቻርጀር ክፍል ነበርኩ። ለተጠገነው ላፕቶፕ ልኩ የሆነውን ቻርጀር ፈልጌ፣ ሞክሬ፣ አሽጌ እልካለሁ። ጫፉ ወፍራም አለ፣ ቀጭን አለ፣ መሃሉ ላይ መርፌ ያለው አለ፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም። ሰው የሚማረርበት ዝብርቅርቅ ለእኛ እንጀራችን ነበር።

ከዚያ አውሮፓውያን ሕግ አወጡ። መጀመሪያ ስልኩን፣ ቀጥሎ ላፕቶፑን፤ እኛ ዘንድ የሚሸጥ ሁሉ በአንድ ዓይነት ቀዳዳ ቻርጅ ይደረግ አሉ። ገዢው ቻርጀር ቤቴ አለኝ ካለ ደግሞ ያለ ቻርጀር መግዛት ይችል አሉ። ሕጉ ክፉ ነው ብዬ ልዋሽ አልችልም። የእኔም ቤት መሳቢያ ገመድ በገመድ ሆኖ አልዘጋ ካለኝ ቆይቷል፤ የልጆቼን ቻርጀር ስፈልግ ስንት ጊዜ ረግሜያለሁ። ደግሞስ ቴክሳስ የአውሮፓን ሕግ ቁጭ ብሎ የሚሰማ አገር ነው? እኛን አይነካንም ብለን ነበር። አምራቹ ግን ለዚያ ማዶ አንድ ዓይነት፣ ለዚህ ማዶ ሌላ ዓይነት ላፕቶፕ መሥራት ኪሳራ ነው አለ። ፋብሪካው ቅርፁን ሲቀይር ለዓለሙ ሁሉ ቀየረው።

ይህን የነገረን ሱፐርቫይዘራችን ነው። ረጅም፣ ድምፁ ከጉሮሮው የማይወጣ ሰው ነው፤ ክፉ ነገር ሊናገር ሲል ጫማውን ያያል። «አዲሱ ቀዳዳ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ ነው የሚመጣው» አለን። «ሲሰበር አንጠግነውም፤ ቦርዱን በሙሉ እንቀይራለን።» ቦርድ መቀየር ብሎን መፍታት ለሚችል ሁሉ የሚሰጥ ሥራ ነው፤ የባሌና የሚዜው ዓይነት ሰው አያስፈልገውም። የሚቀየር ቦርድ ሲጠፋ ብቻ፣ በማይክሮስኮፕ እያየ የተሰበረውን ነቅሎ አዲሱን የሚበይድ አንድ ሰው ይፈለጋል። «አንድ ወንበር ነው ያለኝ» አለና ጫማውን አየ። ከክቡ ቀዳዳ ሠራተኞች ገሚሱ ወደ ሌላ ዌርሃውስ ሄደ፣ ገሚሱ ታክሲ ጀመረ። ለወንበሯ የቀሩት ባሌና ሚዜው ሆኑ።

የብየዳው ፈተና እስኪደርስ ሁለቱንም እኔ ክፍል መደቧቸው። የእኔም ሥራ ተቀይሮ ነበር። አምራቹ መጋዘን የቀረው ክብ ቻርጀር በሙሉ ይውደም፣ በጓሮ ወጥቶ እንዳይሸጥ ብሎ አዘዘ። ሳጥኑን እንከፍታለን፣ ሰው ያልነካውን ቻርጀር እናወጣለን፣ ገመዱን ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብለን በመቁረጫ ፒንሳ እንበጥሰዋለን። አንገት መቁረጥ ነበር የምንለው። የተቆረጠው በርሜል ውስጥ ይጣላል፤ በርሜሉ ሲሞላ ጓሮ የቆመው መፍጫ ውስጥ ይገለበጣል። ፕላስቲኩ ጥርሱ መሃል ሲገባ አጥንት የሚሰበር ይመስላል። ክብ ቀዳዳ ያለው ላፕቶፕ እኮ ገና በየሰው ቤት ሞልቷል። ይህን ለሱፐርቫይዘሩ ብነግረው ጫማውን አየ።

እኔ ዶሮ ሲታረድ ፊቴን የማዞር ሰው ነኝ። እዚያ ክፍል ግን መቁረጥ ለመድኩ፤ ከመልመድም አልፎ ጣመኝ። አንዱን ስቆርጥ አምራቹን እያሰብኩ፣ ሌላውን ስቆርጥ ሱፐርቫይዘሩን እያሰብኩ፣ ሲደክመኝ ደግሞ ማንንም ሳላስብ እቆርጥ ነበር። ባሌ ሲቆርጥ ጥርሱን ይነክሳል። ሚዜው የቆረጣትን ጫፍ መሬት ጥሎ በተረከዙ ይደፈጥጣታል። ከዚያ በፊት ሲሠሩ ሳቃቸው መጋዘኑን የሚሞላ ሰዎች ነበሩ፤ ፈረንጆቹ ሳይቀሩ እየመጡ ምን እንደሚያስቃቸው ይጠይቁ ነበር። አሁን የሚሰማው የፒንሳው ድምፅ ብቻ ሆነ። ሁለቱም ስለ ወንበሯ አንድ ቃል አይተነፍሱም። እኔም አልተነፈስኩም።

የሚዜው ሚስት አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ስለምትሠራ መኪናቸውን እሷ ናት የምትይዘው። እሱ ከእኛ ጋር ነው የሚመላለሰው፤ ሁላችንም ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር አንድ ግቢ ነን። ባሌ ይነዳል፣ ሚዜው ከፊት ይቀመጣል፣ እኔ ከኋላ። ሚስትን ከኋላ አስቀምጦ ሚዜን ከፊት፤ አንዳንድ ሰው ይስቅብናል፣ እኔ ግን ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ለምጄዋለሁ። በዚያ ሰሞን ሁለቱም አንገታቸውን ወደየመስኮታቸው አዙረው ነበር የሚሄዱት። ቤት ስንገባ ደግሞ ባሌ በሩን እንደ ጠላት ይገፋዋል። አንድ ቀን ሽሮው ቀዘቀዘ ብሎ ሳህኑን ግድግዳ ላይ ወረወረው። እኔም ዝም ብዬ የማይ ሴት አይደለሁም፤ ብርጭቆ ወረወርኩ። ትልቋ ልጄ ከመኝታ ቤት ብቅ ብላ «ማሚ፣ ኦኬ ናችሁ?» አለችን። ሽሮው ከግድግዳው ላይ እየወረደ «ኦኬ ነን» አልናት።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ሱፐርቫይዘሩ ጠዋት ሁለት የሞቱ ማዘርቦርዶች ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠ። ቀዳዳውን ነቅሎ አዲስ በይዶ፣ ቦርዱ ቻርጅ እንዲቀበል ያደረገ ወንበሯን ይወስዳል። የብየዳ ብረት ለየራሳቸው አላቸው። ለእነዚያ ከፀጉር ለቀጠኑ የቀዳዳው እግሮች የምትሆን ቀጭን ጫፍ ግን በክፍሉ ያለችው አንዲት ናት። ባሌ ከፓርኪንጉ እየተጣደፈ ገብቶ የራሱ ብረት ላይ ሰክቷታል።

እኔ ከጀርባቸው በርሜል እየገፋሁ ነበር።

«ጫፏን ለምን ያዝካት?» አለው ሚዜው። «ሼር እናድርጋት እንጂ።»

«ቀድሜ መጣሁ፣ ያዝኩ» አለ ባሌ ቀና ሳይል።

«በአንድ ካር መጥተን ነው ቀድሜ የምትለኝ?»

ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ሦስታችንም በሳቅ በሞትን ነበር። ባሌ ብረቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ዞረ። ፊቱን አየሁት፤ ሳህኑን የወረወረ ቀን የነበረው ፊት ነው።

«እኔ ሁለት ልጆች አሉኝ» አለው። «አንተ ለማን ነው የምትሠራው?»

ሚዜውና ሚስቱ ልጅ የላቸውም። ሲጸነስ ይወርድባቸዋል። የመጨረሻው ሲወርድ ሆስፒታል ያደረሳት ባሌ ነው፤ ተመልሶ መጥቶ እኔ ጭን ላይ ተደፍቶ አልቅሷል። ስለዚህ የት ጋ እንደሚወጋው አሳምሮ ያውቃል። ያን ቃል ስሰማ እኔ ራሴ ባሌን በያዝኩት በርሜል ብደፋው ደስ ባለኝ ነበር።

ሚዜው ጆሮ ግንዱን በቡጢ አቀመሰው። ባሌ ወንበሩን ይዞ ወደቀ፣ ወንበሩን ይዞ ተነሳ፣ በወንበሩ እግር ጎኑን መታው። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳደረገ መለየት አልቻልኩም። ማይክሮስኮፑ ተንከባለለ። የጋለው ብረት በሚዜው ክንድ ላይ አልፎ ወደቀና የተቃጠለ ቆዳ ሸተተኝ። ባሌ የላፕቶፕ ክዳን አንስቶ አፉን ሲለው ነው ጥርሱ የወለቀው። «ተው» እያልኩ መሃል ገባሁ፤ የማን ክርን እንደሆነ እንጃ፣ ደረቴን መታኝና የቻርጀር ካርቶን ላይ ዘረጠጠኝ። ፎርክሊፍት የሚነዱት ልጆች ሮጠው መጥተው በስንት ትግል አላቀቋቸው። ባሌ ጆሮው ደምቷል፤ ሚዜው ደም ይተፋል። ሁለቱ ማዘርቦርዶች ተረግጠው ለሁለት ተሰብረዋል።

ሱፐርቫይዘሩ ጫማውን አይቶ «ወደ ቤት ሂዱ፣ የሠራተኛ ጉዳዩ ኤችአር ሰኞ ይጠራችኋል» አለ። እኔን ደግሞ «አንቺም ውሰጃቸው» አለኝ። ጥርሱን በእጅ መጥረጊያ ወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ።

ፓርኪንጉ ጋ ስንደርስ ጉዱ ፈላ፤ ያለችው መኪና አንዲት ናት። የሚገርመው ሚዜው ደሙን እየጠረገ ከልማዱ የተነሳ ከፊት ገብቶ ተቀመጠ። ባሌም አፉን ሞልቶ ውረድ ሊለው አልቻለም፤ ሚዜው ነዋ። ሀይዌዩ ላይ እንደገባን ባሌ አንድ ነገር አጉረመረመ፤ ሚዜው እጁን ሰዶ መሪውን ያዘ። መኪናዋ ወደ አንድ የጭነት መኪና ጎን ስትሄድ የጎማውን ብሎኖች አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ። ሦስታችንም ልንሞት ነው። ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ማን በር እንደሚከፍትላቸው ነው የታየኝ። ምሳ ዕቃዬ ብረት ነው። ከኋላ ሆኜ በሱ የሁለቱንም ጭንቅላት ቀጠቀጥኩ፤ አንዴ ይህን፣ አንዴ ያን፣ ባሌ ዳር ይዞ እስኪያቆም ድረስ አልተውኩም። ውስጡ የነበረው ሽንብራ አሳ መኪናውን ሞላው።

«ውረዱ» አልኳቸው። «ሁለታችሁም ከኋላ።»

ገቡ። እኔ ነዳሁ። በመስታወቱ ሳያቸው የባሌ ግንባር አብጧል፣ የሚዜው ፀጉር ላይ አሳ ተለጥፏል። ቤት ልንደርስ ስንል ሚዜው «ጥርሴ አንቺ ጋ ነው?» አለኝ። ወደ ኋላ አቀበልኩት። የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌ ስል ግቢያችን ውስጥ ያሉ አንድ አዛውንት ናቸው፤ ማንም ቢጣላ እሳቸው ናቸው የሚጠሩት፤ ባልና ሚስት ቢሆን፣ ጎረቤትና ጎረቤት ቢሆን። አባባ እንላቸዋለን። ነገር አያስረዝሙም። ማን ጀመረ ብለው አይጠይቁም። ሁለቱን ትይዩ አስቀምጠው አንዱ «ጥፋቱ የእኔ ነው» እስኪል ድረስ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ያን ያህል ነው ዘዴያቸው። ሰው ዝምታውን አይችለውም።

ባሌ ነው ያልቻለው። ተነሥቶ ሚዜው ጉልበት ላይ ወደቀ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ያን ቃል ከአፌ ያወጣሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የመታሁት እኔ ነኝ።»

«ውሸቱን ነው አባባ» አለ ሚዜው። የወለቀው ጥርስ ቃሉን ያስተነፍሰዋል። «እጄን ያነሣሁት እኔ ነኝ። እሱ ተበሳጭቶ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«የእኔ ነው።»

«የእኔ ነው አልኩህ።»

ለሁለተኛ ጊዜ ሊደባደቡ ነው ብዬ ፈራሁ፤ ይህኛው ግን ሌላ ነበር። ተቃቅፈው ቀሩ። የሚዜው ከንፈር እንደገና ደምቶ የባሌን ነጠላ አበላሸ። «ጥርስህን እኔ ነኝ የማስተክልልህ» እያለ ባሌ ያለቅሳል። እኔም አለቀስኩ።

አባባ አስማሏቸው። «ከዛሬ ወዲያ ማንም ቢጠይቃችሁ ጥፋቱ የእኔ ነው በሉ። እሱ ነው ብሎ ጣቱን ወደ ወንድሙ የቀሰረ እኔን አያውቀኝ።»

«አባባ፣ ሰኞ ኤችአር ይጠይቃቸዋል እኮ» አልኳቸው።

«ለኤችአሩም ይህንኑ ይበሉ። ይቅር ተባብለዋል ብለሽ ንገሪልኝ።»

እውነቴን ነው፣ ልክ መሰለኝ። እኛ ሰዎች ያደግነው እንዲህ ነው። ያጠፋ ሰው አጥፍቻለሁ ካለ በቃ፤ ዳኛው ይራራል፣ ጎረቤት ያመሰግነዋል፣ ነገሩ ይሞታል። የሚቀጣው የካደ ነው። ሰኞ ጠዋት ሁለቱንም ንጹሕ ሸሚዝ አስለብሼ ነው የወሰድኳቸው።

የኤችአሯን ሴትዮ ክፉ ነች አልልም። ጠረጴዛዋ ላይ ሶፍት ነበራት፣ ውኃም ሰጠችኝ። መጀመሪያ ሚዜውን፣ ቀጥሎ ባሌን ለየብቻ አስገብታ አነጋግራቸዋለች። እኔን በመጨረሻ ነው የጠራችኝ። ካሜራው የካርቶን መደርደሪያ ጋርዶት ምንም አልቀረጸም፤ ከመጀመሪያው ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ።

«አንድ ነገር እንድትረጂልኝ እፈልጋለሁ» አለችኝ። «የጀመረው ይባረራል። ተመትቶ ራሱን የተከላከለ ግን አይነካም። ሥራው ላይ ይቆያል፤ ያቺም ወንበር የሱ ትሆናለች። ይህን ለሁለቱም ነግሬያቸዋለሁ።»

«ነግረሻቸዋል?»

«ሁለት ሁለት ጊዜ። መታህ ወይ አልኩት፤ አልመታኝም፣ እኔ ነኝ የመታሁት አለኝ። ሌላውም ያንኑ። እንደዚህ ዓይነት ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።»

ይቅር ተባብለዋል አልኳት። ሽማግሌ ተቀምጧል፣ እንዲህ የሚሉት ስለማሉ ነው አልኳት። በደንብ ሰማችኝ። ከዚያ ብዕሯን አስቀምጣ «ግን ማን ነው የጀመረው?» አለችኝ።

ሚዜው ነው ብል አልዋሸሁም፤ በዐይኔ አይቻለሁ፤ የመጀመሪያው ቡጢ የሱ ነው። ባሌ ወንበሯ ላይ ይቀመጣል፣ ልጆቼም የቤት ኪራይ ሲታሰብ የተጨነቀ ፊቴን አያዩም። አንድ ቃል ነው የሚፈጀው። ሴትዮዋም እንድናገረው የምትለምነኝ ይመስል ነበር። ግን ያንን ሌላውን ቃልም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰው ቡጢ ሳያነሣ ሰውን እንዴት እንደሚገድል ያን ጠዋት አይቻለሁ፤ ገዳዩም ባሌ ነበር።

«እጁን ያነሣው ሚዜው ነው» አልኳት። «ከዚያ በፊት የወጋው ደግሞ ባሌ ነው።»

«በምን ወጋው?»

«በአፉ።»

«ስለዚህ ማን ልበል?»

«ሁለቱም» አልኩ። ዛሬም ቢጠይቁኝ ያንኑ እላለሁ።

እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሁለቱም ባጃቸውን አስረክበው ነበር። ጠባቂው እስከ በር ሸኛቸው። እኔ ዕረፍት ስወጣ ፓርኪንጉ ላይ መኪናችን ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ሚዜው ከፊት፣ ባሌ መሪው ጋ። በሩን ከፍቼ ከኋላ ገባሁ።

«ነግራችኋለች አይደል?» አልኳቸው። «መታኝ ያለ ይቀራል ብላ ነግራችኋለች። ምን ነካችሁ? መሐላው ነው?»

ሚዜው ወደ እኔ ዞረ። ከንፈሩ ገና አልዳነም።

«መሐላው አይደለም» አለ። «ማለቴ፣ እሱ ልጆች አሉት። እኔ ከወጣሁ ወንበሯ የሱ ናት ብዬ ነው።»

ባሌ ቀስ ብሎ አንገቱን አዞረ። «ምን አልክ?»

«ያልኩትን ሰምተሃል።»

«እኔ እኮ ያንን ከተናገርኩህ በኋላ እዛ ሲት ላይ እንዴት እቀመጣለሁ?» አለ ባሌ። «ላንተ ብዬ ነው። አንተ እንድትቀር ብዬ ነው ፈርስት የመታሁት እኔ ነኝ ያልኳት።»

ሁለቱ እየተያዩ ቀሩ። እኔ ወረድኩ። ምሳ ዕቃዬ እጄ ላይ ነበር። የገዛ መኪናችንን ኮፈን በሱ ደበደብኩት። ቀለሙ እስኪረግፍ፣ ምሳ ዕቃው ክዳኑ እስኪጣመም ደበደብኩት። እጄን የማሳርፍበት ሰው አጥቼ ነው። ሁለቱን ብመታ ስለ ምን ብዬ ልምታ? አውሮፓ ያሉትን ሕግ አውጪዎች አላገኛቸው፣ አምራቹን አላውቀው። ሰዎች ከየመኪናቸው አንገታቸውን አወጡ። ከውስጥ ማንም ወጥቶ አልያዘኝም፤ ዐውቀው ነው የተዉኝ።

ከዚያ ሰዓቴን አየሁና ተመልሼ ገባሁ። የእኔ ሺፍት አላለቀም፤ ከቤቱ ደመወዝ ያላት ሰው አሁን እኔ ብቻ ነኝ። ሱፐርቫይዘሩ የብየዳዋን ወንበር ለጊዜው የካርቶን ማስቀመጫ አድርጓታል። እኔን ሲያይ ጫማውን አየ። የቀሩትን ሳጥኖች ወደ እኔ ጎትቼ ፒንሳውን አነሣሁ። የዚያን ቀን ቀና አላልኩም። አዳዲሶቹን፣ ገና በላስቲክ ያሉትን፣ አንገታቸውን እየያዝኩ ቆረጥኩ። መፍጫው ጓሮ ሆኖ ያገሳል፤ በርሜሉን ራሴ ገፍቼ ወስጄ ገለበጥኩበት፣ ባዶውን ይዤ ተመለስኩ፣ ሞላሁት። መዳፌ ውኃ ቋጥሮ ሲፈነዳ እንኳ አላቆምኩም።

ስወጣ ሁለቱ እዚያው ነበሩ። ሌላ መኪና የለማ። ሚዜው እንደ ልማዱ ከፊት ነው፤ ባሌ ወደ ኋላ ተሻግሮ የነጂውን ቦታ ትቶልኛል። ተቀመጥኩ። ቁልፉን ላዞር ብል እጄ አልዘረጋ አለ፤ ጣቶቼ ፒንሳ እንደያዙ ደርቀው ቀርተዋል። ሚዜው አየኝ። እጄን ተቀብሎ ጣቶቼን አንድ በአንድ እያሸ ዘረጋቸው። የክንዱ ቃጠሎ ገና ቀይ ነበር። ባሌ ከኋላ ጎንበስ ብሎ ቁልፉን አዞረልኝ።

ነዳሁ። ሀይዌዩ ላይ ስንገባም እጆቼ መሪው ላይ ሆነው ገና ይቆርጡ ነበር።